ፍርድ ቤት «የእኔ ጉዳይ አይደለም» ሲል

በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንዳንድ ሕገ መንግሥታዊ ክርክሮች የሚዘጉት አንዱ ወገን ረትቶ ሳይሆን፣ ጉዳዩ በዳኞች የሚወሰን አይደለም ተብሎ ነው። ይህ «የፖለቲካ ጥያቄ መርህ» የሚባለው ነው። አንድ ክስ የፖለቲካ ትኩሳት ስላለው ብቻ ግን በዚህ መርህ አይመለስም፤ ሕገ መንግሥቱ የመጨረሻውን ቃል ለኮንግረስ ወይም ለፕሬዚዳንቱ መስጠቱ፣ አለዚያም ዳኛ የሚመራበት ሕጋዊ መለኪያ መታጣቱ መታየት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1842 በሮድ አይላንድ ግዛት ሕጋዊው መንግሥት እኔ ነኝ የሚሉ ሁለት ወገኖች ተፋጠጡ። ከዚሁ የመነጨ ክርክር በ1849 ሲወሰን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጋዊውን መንግሥት መለየት የሌሎቹ የመንግሥት አካላት ድርሻ ነው አለ። በ1993ም ሴኔቱ ከሥልጣን ያነሳው የፌዴራል ዳኛ ዋልተር ኒክሰን አካሄዱን ሲቃወም፣ እንዲህ ያለውን ክስ የመዳኘት ሥልጣን የሴኔቱ ብቻ ነው ተብሎ ተመልሷል። እስከዚህ ድረስ መርሁ የሚነቀፍ አይመስለኝም። (በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 83 ሕገ መንግሥታዊ ክርክርን የሚወስነው ራሱ ፖለቲካዊ አካል የሆነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለሆነ፣ ጥያቄው በሌላ መልክ ይነሳል፤ በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም ያየነው ነው።)

መርሁ የሚፈተነው የፖለቲካው መፍትሔ ራሱ የተበላሸ እንደሆነ ነው። የቴነሲ ሕገ መንግሥት የምክር ቤት መቀመጫዎች በየ10 ዓመቱ እንዲደለደሉ ቢያዝም፣ የ1901ዱ ድልድል ከስድሳ ዓመት በኋላም እንዳለ ነበር፤ በዚህ መካከል ከተሞች በሕዝብ ሲሞሉ የከተሜው ድምፅ ክብደት ከገጠሬው እጅግ አነሰ። ይህን እንዲያስተካክል የሚጠበቀው ምክር ቤት በዚያው ድልድል የተመረጠ ነበር፤ የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ደግሞ አይገኝም። በ1962 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ2 ድምፅ ጉዳዩ በፍርድ ሊታይ ይችላል ሲል ወሰነ፤ ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ዊሊያም ብሬናን የፖለቲካ ጥያቄን ለመለየት የዘረዘሯቸው ስድስት መመዘኛዎች ዛሬም ይጠቀሳሉ።

በ2019 ግን ያው ፍርድ ቤት ፊቱን አዞረ። የሰሜን ካሮላይና ሪፐብሊካኖች የምርጫ ክልሎቹን የከለሉት በጊዜው ከነበሯቸው 13 የኮንግረስ መቀመጫዎች 10ሩን ለመያዝ መሆኑን በአደባባይ ተናግረው ነበር፤ በሜሪላንድ ደግሞ ዴሞክራቶች ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ ልማዱ ኢፍትሐዊ ውጤት ማምጣቱን ሳይክዱ፣ የፓርቲ ጥቅም መቼ ከልክ እንዳለፈ የሚለይ መለኪያ የለም በማለት በ5 ለ4 ድምፅ በሩን ዘጉ። ዳኛ ኤሌና ኬገን በተቃውሞ ሐሳባቸው የሥር ፍርድ ቤቶች የሚሠራ መለኪያ አግኝተው በእርሱም እየፈረዱ እንደነበር አሳይተዋል። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ፤ ልኩን መወሰን ማስቸገሩ ተከሳሹ ራሱ ያመነውን ዓላማ ለማለፍ አያበቃም፤ ከቴነሲ ጉዳይ የሚለየውም ወሰኑ በቸልታ ሳይሆን ሆን ተብሎ መዛባቱ ነው።

ሮበርትስ መፍትሔውን በግዛቶች ሕገ መንግሥትና ፍርድ ቤቶች ፈልጉ ብለው ነበር። የሰሜን ካሮላይና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 እንደ አዲስ የተሳለውን የተዛባ የምርጫ ክልል ካርታ ሻረ፤ በዚያ ዓመት ምርጫም ሁለቱ ፓርቲዎች ሰባት ሰባት መቀመጫ አገኙ። የግዛቱ ዳኞችም በሕዝብ ስለሚመረጡ በዚያው ምርጫ የፍርድ ቤቱ አብላጫ ወደ ሪፐብሊካን ተለወጠ፤ አዲሱ አብላጫም በ2023 ጉዳዩ በፍርድ አይታይም ብሎ የቀድሞውን ውሳኔ ሲሽር የግዛቱ ምክር ቤት ካርታውን እንደገና ሳለ፤ በ2024 ሪፐብሊካኖች ከ14ቱ መቀመጫዎች 10ሩን ወሰዱ።