ፋይሉ የማን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሥራው እንደሰለቸው አጫወተኝ። አጠገባችን የነበሩት ሁሉ በአንድ ድምፅ «እንጀራ ነው፤ ቻለው» አሉት። እኔም ለዓመታት ለራሴ የሰጠሁት ምክር ይኸው ነበር። ዛሬ ግን ጎጂ ምክር ነው ብዬ አምናለሁ፤ መሰልቸትን እንደ ስንፍና ቆጥሮ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ያልፈዋልና።

በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ገቢ ደብዳቤ መቀበል፣ ቁጥርና ቀን መስጠት፣ ከፋይሉ ጋር አያይዞ ወደሚመለከተው ክፍል መምራት፣ ሲመለስ መደርደሪያው ላይ ማኖር። በአምስተኛው ዓመት ገደማ እጄ ይሠራ ነበር እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። የአንዱን ደብዳቤ በሌላው ፋይል ውስጥ እንዳስገባሁ ሲነገረኝ እንኳ አልደነግጥም ነበር።

ያነቃኝ ስልጠና አይደለም፤ ስልጠናማ በየዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ጡረታቸው የደረሰ የጥበቃ ሠራተኛ መስኮቱ ላይ ቆሙ። የቅጥር ደብዳቤያቸው ከፋይላቸው ጠፍቷል። መውጫው 60 ዓመት ነው፤ ዕድሜው የሚቆጠረውም ሰው መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው የልደት ዘመን ነው። ወርኃዊ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገሉ መረጋገጥ አለበት። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ከወረቀት ነው። ሦስት ቀን ፈልጌ፣ ስሙ ከእሳቸው ጋር በሚመሳሰል ሌላ ሠራተኛ ፋይል ውስጥ አገኘሁት። እዚያ ያስገባሁት እኔ ልሆን እችላለሁ። ሽማግሌው ፊደል አይለዩም ነበርና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። የተቀጠሩበት ቀን ላይ ስደርስ «እስቲ ድገምልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላም መዝገቡ ያው፣ ማህተሙም ያው ነበር። እኔ ግን ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ስሙን ማንበብ ጀመርኩ።

ገጠመኙ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት ነበር። አዳም ግራንት የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞችን ይመለከታል። ከፊሎቹ በዚያ ገንዘብ የነፃ ትምህርት ዕድል ካገኘ ተማሪ ጋር ለጥቂት ደቂቃ እንዲነጋገሩ ተደረገ። ከአንድ ወር በኋላ እነዚህ ሠራተኞች በስልክ የሚያሳልፉት ጊዜም የሚያሰባስቡት ገንዘብም ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ደመወዛቸው አልተጨመረም፤ የሚደክሙለትን ሰው ግን አይተዋል።

የእኛ መሥሪያ ቤቶች ግን ይህንኑ ሰው ከሠራተኛው ዓይን ይሰውራሉ። ባለጉዳይ በአንድ መስኮት ይገባል፣ ወረቀቱ በሌላ በር ይወጣል፤ መሐል ላይ ያለው ሠራተኛ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም አያይም። ኃላፊዎች ሊመልሱልኝ የምፈልገው ጥያቄ አለኝ፤ የመዝገብ ሠራተኛው በወር አንድ ቀን ባለጉዳይ ቢያስተናግድ ምን ይጎድላል? «ያ ያፈላለግኸው ፋይል ጉዳዩ አለቀ» ብሎ መንገርስ ስንት ብር ይፈጃል? ይህን ስል ደመወዙ የቤት ኪራዩን የማይሸፍንለትን ሰው በባዶ ሆዱ የሥራውን ትርጉም ይፈልግ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ማለት ነውር ነው፤ የደመወዙ ጥያቄ ራሱን የቻለ መልስ ይሻል።

ለዚያ ወጣት ግን አንድ ነገር ብዬዋለሁ። ነገ ጠረጴዛህ ላይ ከሚቀመጡት አንዱን ፋይል ምረጥ፤ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞር ተከታተለው፤ ባለቤቱ ሊወስድ ሲመጣ መስኮቱ ላይ አንተ ቁም።