እርማት፦ «ሠ»ን ከ«ሰ» አለመለየት የሰዋስው ስሕተት አይደለም

«የዛሬ ወጣት ‹ሠ›ን ከ‹ሰ›፣ ‹ፀ›ን ከ‹ጸ› አይለይም፤ ሰዋስው ሞቷል» የሚለው ወቀሳ ሁለት ነገር ያደባልቃል። ይህ የሆሄያት አጻጻፍ እንጂ የሰዋስው ጉዳይ አይደለም። አማርኛ የእነዚህን ፊደላት የድምፅ ልዩነት ካጣ ዘመናት አልፈዋል፤ በድሮ ብራናዎችም ሲቀያየሩ ይታያል። በግዕዝ «ሠረቀ» ብርሃን ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌብነት መሆኑን ማወቅ ደግ ነው፤ የአማርኛው ዓረፍተ ነገር ግን በዚህ አይፈርስም።

የሚፈርሰው ተሳቢውን (ድርጊቱ የሚፈጸምበትን) የሚያመለክተው «ን» ሲጎድል ነው። «ዳኛው ጠበቃውን ጠራው» እና «ዳኛውን ጠበቃው ጠራው» የቃላቱ ቅደም ተከተል አንድ ነው፣ ጠሪው ግን ተቀይሯል። በጥድፊያ «ዳኛው ጠበቃው ጠራው» ብሎ የላከ፣ ማን ማንን እንደጠራ አልነገረንም። ተሳቢው የትኛው እንደሆነ ተለይቶ ያልታወቀ ሲሆን ግን «ን» አያስፈልግም፦ «ጠበቃ ቀጠረ»፤ ሲለይ ግን «ጠበቃውን ቀጠረ»።

ሌላው ድርብ ብዙ ቁጥር ነው፦ «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች»፣ «ቃላቶች»። «መምህራን» በግዕዙ ስልት አስቀድሞ በዝቷል፤ «-ኦች» መጨመር ትርፍ ነው። ወይ «መምህራን» ወይ «መምህሮች» ይበሉ። (ይህን ደግሞ ከወጣቱ ብቻ አይደለም የምንሰማው፤ ወቃሾቹም ይሉታል።)

አሉታውም እንዲሁ፦ በዋና ዓረፍተ ነገር «አልመጣም»፣ በጥገኛው ግን የአሉታው «-ም» ይቀራል፦ «ስላልመጣ»።