ይድረስ ለ«ብሮውዘርዎ ተቀባይነት የለውም» ገጽ

ባሉበት

ጉዳዩ፦ በደጅዎ ስለ መጉላላቴ

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከደጅዎ ውጭ፣ ሐዋሳ አቶቴ በሚገኝ ኢንተርኔት ቤት ላፕቶፔን ዘርግቼ ደኅና ነኝ።

የመጣሁት አንድ ቅጽ ልሞላ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ጉርድ ፎቶግራፍ። ጨረቃ ላይ መንኮራኩር ላሳርፍ አልመጣሁም። እርስዎ ግን «ዘመናዊ ብሮውዘር ይጠቀሙ» ብለው በሩን ዘጉብኝ። የእኔ ብሮውዘር፣ ማለትም ድረ ገጽ የምከፍትበት ፕሮግራም፣ ፋየርፎክስ ነው፤ በቅርቡ የታደሰ፣ ጤነኛ፣ ሌላው ድረ ገጽ ሁሉ አክብሮ የሚያስገባው።

መቼም ደጅ ጠኚ ትሑት ነውና የሚባለውን ሁሉ ፈጸምኩ። ድረ ገጾች ኮምፒውተሬ ላይ የሚተዉአቸውን ትንንሽ ፋይሎች፣ ኩኪዎቹን፣ ሰረዝኩ። ማስታወቂያ የሚከለክለውን ዘጋሁ፤ የኢንተርኔት መንገዴን የሚሸሽገውን ቪፒኤኑንም እንዲሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ ይህን ያላደረገ ሰው በአገራችን አቤቱታው አይሰማም። የቤቱ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ ሰዓቱን አይተውታል?» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነው። የኮምፒውተር ቀን ከተዛባ የድረ ገጽ የደኅንነት ምስክር ወረቀት ዋጋ ያጣል፤ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ወረቀቱ ገና አልተጻፈም ማለት ነው። ነገር ግን እንዲያ ቢሆን የሚጮኸው ብሮውዘሩ ራሱ ነበር እንጂ እርስዎ አይደሉም። ሰዓቴም ልክ ነበር። ልጁ በመጨረሻ «እስኪ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደው ዓሣ በልተው ይመለሱ፤ እስከዚያ ይከፈት ይሆናል» አለኝ። ዓሣው ጥሩ ነበር። እርስዎ እንደ ተዘጉ ነበሩ።

እንግዲህ ገመናዎን ላውጣው። እርስዎ የሚመለከቱት ብሮውዘሩን አይደለም። ሲገባ ስለ ራሱ የሚናገራትን፣ ዩዘር ኤጀንት የምትባል አንዲት መስመር ጽሑፍ ነው። ይህች መስመር ደግሞ ከጥንት ጀምሮ እውነት ተናግራ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ኔትስኬፕ የተባለው ብሮውዘር ራሱን «ሞዚላ» እያለ ያስተዋውቅ ነበር። ድረ ገጾች የተሻለውን ገጽ ለሞዚላ ብቻ ማቅረብ ሲጀምሩ የማይክሮሶፍቱ ብሮውዘር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር «እኔም ሞዚላ ነኝ» ብሎ ገባ። ተከታዮቹም ያንኑ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ክሮም ዛሬም ሲገባ ሞዚላ ነኝ፣ አፕልዌብኪት ነኝ፣ ጌኮን እመስላለሁ (ሁለቱ የብሮውዘር ሞተሮች ናቸው)፣ ሳፋሪ ነኝ ይላል፤ የገዛ ስሙን መሐል ላይ ሸጎጥ ያደርጋታል። ይህን ሁሉ መታወቂያ የታጠቀ እንግዳ እርስዎ ከወንበርዎ ተነሥተው ያስገቡታል።

ኦፔራ የተባለው ብሮውዘርማ ምስኪን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አሥረኛ ስሪቱን ሲያወጣ፣ የመጀመሪያዋን አኃዝ ብቻ አይተው የሚፈርዱ ባልደረቦችዎ 10ን 1 ብለው አነበቡበት። ቢቸግረው ራሱን 9.80 ብሎ ማስተዋወቅ ጀመረ። ዕድሜ የሚቀንሱት የእግር ኳስ ተጫዋቾች ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል አንድ ነገር ልመስክርልዎ። በዚሁ ቤት ዊንዶውስ 7 የጫኑ አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ክሮም በእነሱ ላይ ከ109ኛው ስሪት ወዲህ አይታደስም። እነዚያን ለደኅንነት ሲሉ ቢጠራጠሩ አልፈርድብዎትም። ቢሆንም ባለሙያዎችዎ ስም ከመጠየቅ ይልቅ ብሮውዘሩ የሚፈለገውን ሥራ ይችል እንደ ሆነ መፈተን ይችሉ ነበር። ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃል።

እኔም የአገሩን ልማድ ተከተልኩ። ያችን መስመር የምትቀይር ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ፋየርፎክስ ላይ ጫንኩና «ክሮም ነኝ» አልኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ! ቅጹ ተሞላ፣ ፎቶግራፉ ተላከ፣ የተሰበረ ዕቃ የለም። እውነቱን ሲናገር ያባረሩትን ብሮውዘር ሲዋሽ «እንኳን ደኅና መጡ» አሉት።

ከሠላምታ ጋር፣
በመዝገብዎ ክሮም ተብዬ የሰፈርኩት የሐዋሳው ፋየርፎክስ ተጠቃሚ

ግልባጭ፦
ለክሮም፣ ስሙን ሳላስፈቅድ ስለ ተዋስኩ፤
እ.ኤ.አ. በ2022 በጡረታ ለተገለሉት ለአቶ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፣ የጀመሩት ሥራ መቀጠሉን እንዲያውቁት።