ንቡን ተዉት፣ እንቡጡን ስበሩ

ሰሞኑን አንድ የግብርና ኃላፊ በሬዲዮ ስለ ሙዝ አጠውልግ በሽታ ሲናገሩ ሰማሁ። በሽታውን ነፍሳት ስለሚያዛምቱት መፍትሔው ፀረ ተባይ መርጨት ነው አሉ። ጋዜጠኛውም አመስግኖ ወደ ሙዚቃ ገባ።

ግማሹ እውነት ነው። ንቦችና ዝንቦች ያዛምቱታል፣ እሺ። ግን በሽታው ባክቴሪያ ነው። ፀረ ተባይ ንቡን ይገድል ይሆናል እንጂ ተክሉ ውስጥ የገባውን ባክቴሪያ አይነካውም። ገበሬው ማር ከሚሰጠው ቀፎ ጋር እየተጣላ ሙዙንም አያተርፍም። ለዚህም ነው ገንዘብ አውጣ የሚባለው!

በሽታው ለእኛ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። በእንሰት ላይ በ1968፣ በሙዝ ላይ ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። ኡጋንዳ በሙዟ ላይ ያየችው በ2001 ነው። ከኛ በኋላ መጥቶባት ከኛ በፊት ነቃች።

ነፍሳቱ ቅጠሉን አይፈልጉም። የሚመጡት ከዘለላው በታች ወደተንጠለጠለው ወይን ጠጅ እንቡጥ ነው። እዚያ ወንዴ አበባዎች አሉ፣ የአበባ ማርም አለ። በብዙ ዝርያ አበባና ሽፋኑ በረገፈ ቁጥር ትኩስ ቁስል ይቀራል። ከታመመ ተክል የመጣች ንብ ባክቴሪያውን እዚያ ቁስል ላይ ታራግፋለች። እንቡጡ ከሌለ ይህ በር ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ የመጨረሻው የሙዝ እጅ፣ ማለትም በዘለላው ላይ የመጨረሻው የፍሬ ረድፍ፣ እንደወጣ እንቡጡን ሰብሮ መጣል ነው። በቢላ አይደለም፤ ቢላው ራሱ በሽታ ያዞራል። በባላ እንጨት ጠምዞ መስበር ብቻ። ፍሬው አይጎዳም። ወጪውም ባዶ ነው፤ ችግሩም ይኸው ይመስለኛል። ባላ እንጨት ጨረታ የለውም፣ ኮሚሽንም የለውም።

ምልክቱን መለየትም ላብራቶሪ አይጠይቅም። እንቡጡ ይጠወልጋል፣ ይጠቁራል። ፍሬው ያለ ጊዜው ቢጫ ይሆናል፤ ሲቆረጥ ውስጡ ዝገት ይመስላል። ግንዱ ሲቆረጥ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። የፓናማ በሽታ ከሚባለው፣ ፈንገስ ከሚያመጣው ሌላ የሙዝ መጠውለግ ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ ያኛው ከታችኛው አሮጌ ቅጠል ነው የሚጀምር፣ እንዲህ ያለ ፈሳሽም የለውም።

ከፍ ባለ ቀዝቃዛ ቦታ የነፍሳቱ ድርሻ ይቀንሳል፣ ይህን አልክድም። ግን ያም ቢሆን ለርጭት ምክንያት አይሆንም፤ ይብሳል እንጂ። የእንሰት አገር ደጋው ነው። እዚያ ዋናው አስተላላፊ የታመመ እንሰት ቆርጦ ሳይጸዳ ወደ ጤነኛው የሚሄድ ቢላ ነው። ቆጮና ቡላ የሚበላ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ባለበት አገር ስለ ቢላ አንድ ቃል ሳይነገር ፕሮግራሙ አለቀ። ቢላውን በእሳት ማንደድ ወይም በበረኪና ማጠብ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከታመመ ማሳ ችግኝ አለመውሰድ፣ ከብት እንዳይገባበት ማጠር። ይህን ገበሬው ጓሮ ድረስ ሄዶ የሚያሳይ የልማት ሠራተኛ ያስፈልጋል። ለርጭት የታሰበው ገንዘብ ካለ ለእሱ አበልና ለበረኪና ይዋል።