የድራማ መርዶ

ሰሜን ሸዋ መርዶ በጥንቃቄ የሚነገርበት አገር ነው። የዘመዱን ሞት በስልክ የሰማ ሰው ቀኑን ሙሉ አፉን ይዞ ይውላል፤ ሽማግሌዎች ተሰባስበው ጎሕ ሲቀድ የሐዘንተኛውን በር እስኪያንኳኩ ድረስም «ትንሽ አመም አድርጎታል» ይባላል እንጂ ማንም ደፍሮ «ሞተ» አይልም። ይኸው ጥንቁቅ ሕዝብ ግን የሚሞተው የቱርክ ድራማ ጀግና የሆነ እንደሆነ ጨዋነቱን ደጅ ጥሎ ይገባል። ክፍሉ ሳይተላለፍ፣ አቦሉ ሳይቀዳ፣ ቆሎው ሳይዞር፣ «ይሞታል እኮ! ያውም በወንድሙ እጅ!» የሚል አይጠፋም።

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ ይህን ሹመት የያዘችው ቤሩት ሠርታ የተመለሰች ጎረቤታችን ናት። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ቤታችን ቢገቡም፣ እሷ ብዙዎቹን ቀደም ብላ በዐረብኛ አይታ ስለጨረሰች፣ እኛ ገና የምንጠረጥረውን አማች እሷ ቀብራ ተዝካሩን አውጥታለታለች። ደግሞ ሁልጊዜ በቃል አትናገርም፤ ለዚያ የሚሆን ጥበብ አላት። ሙሽራይቱ ቬሎዋን ስትለብስ ሲኒዋን ቀስ ብላ ረከቦቱ ላይ ታስቀምጥና ከንፈሯን መጥጣ፣ «አይ፣ ይቺን ልጅ!» ትላለች። ከዚያ በኋላ ሠርጉ እንደማይሞላ ለመገመት ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም።

ይህ ከንፈር መጠጣ የድራማውን ጣዕም ያጠፋዋል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ጆናታን ሊቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ 12 አጫጭር ልብ ወለዶችን ለአንባቢዎች ሰጥተው ነበር። ፍጻሜው ቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች በአመዛኙ ይበልጥ ወደዱት እንጂ አልተከፉም። ጎረቤታችን ይህን ብትሰማ ደመወዝ ትጠይቀናለች ብዬ ስለፈራሁ ለራሴ ይዤዋለሁ።

በእርግጥ ለዚህ ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድ አያሻም ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ትልቅ ልብ ወለድ መቃብሩን በሽፋኑ ላይ ጽፎ ነው ለገበያ የወጣው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚል መጽሐፍ ገዝቶ መጨረሻው ሠርግና ምላሽ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ ጥፋቱ የደራሲው አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም አገሩ ጆሮውን አልነፈገም። የሐምሌ ገብርኤል ዕለትስ? የቂርቆስና የኢየሉጣ ታሪክ በየዓመቱ ሐምሌ 19 ቀን ሲነገር፣ የፈላው ውሃ እንደሚቀዘቅዝ የማያውቅ ምእመን የለም፤ እልልታው ግን ዘንድሮ ገና እንደተሰማ ምሥራች ይቀልጣል። እንዲያውም ፍጻሜውን ያወቀ ሰው «ማን ይተርፍ ይሆን» ከሚል ጭንቀት ስለሚያርፍ፣ ሕፃኑ እናቱን ምን ብሎ እንዳበረታት ለመስማት ፋታ ያገኛል።

ኳስ ግን ከዚህ ውጭ ነው። ዲሽ ቤት ተቀምጠህ ምስሉ ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ሲቀር፣ በስልኩ ውጤት የሚከታተለው ጎረምሳ «ገባ!» ብሎ ከዘለለ፣ ከዚያ በኋላ የምታየው ግብ ሳይሆን ቃለ ጉባኤ ነው። ድራማን ደራሲ አስቦበት ይጽፈዋልና ደግመህ ብታየውም የምታገኝበት ነገር አይጠፋም፤ ዜሮ ለዜሮ የሚያልቅ ጨዋታን ውጤቱን አውቆ ቁጭ ብሎ የሚያይ ግን የባላጋራው ቡድን አሠልጣኝ ብቻ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚገርመው የቡና ማኅበራችን ውሳኔ ነው። በጎረቤታችን የተማረሩት ሴቶች መክረው፣ ቀድሞ የተናገረ ሰው፣ በከንፈር መምጠጥም ቢሆን፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ቡና በራሱ ወጪ እንዲያፈላ ደነገጉ። ጎረቤታችን ሕጉን አክብራ ዝም አለች፤ ፊቷን እንኳ ወደ ከሰሉ አዙራ ተቀመጠች። ጀግናው ተመትቶ ሆስፒታል በገባበት ምሽት ግን፣ ሕጉን ያረቀቁት እትዬ ራሳቸው በረካው ሳይጠጣ ጋቢያቸውን ሰብስበው አጠገቧ ተጠጉ።

«አንቺ ልጅ፣ ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ንገሪኝ። ይተርፋል አይተርፍም?»

«እትዬ፣ ቅጣት አለብኝ እኮ።»

«ቡናውን እኔ እገዛለሁ፤ ስኳሩንም ጨምሬ።»