ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?

ሀበሻ ባለበት መኪና ውስጥ ግጥም የሌለው ሙዚቃ መክፈት ድፍረት ይጠይቃል። ኤሌክትሮኒክ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ጓደኛዬ ከጎኔ ተቀምጦ ሁለት ደቂቃ ያህል ታገሰኝና «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለኝ። አዲስ አበባ ደግሞ የራይድ ሾፌሩ ስልኬን ከመኪናው ስፒከር ጋር አገናኘልኝ። ማሲንቆው እየተቆራረጠ መደጋገም ሲጀምር ብሉቱዙ የተበላሸ መሰለውና አጥፍቶ አበራው።

አልፈርድባቸውም። የማወራው ከትልልቅ አሳታሚዎች ውጭ፣ ብዙውን ጊዜ መኝታ ቤት ውስጥ በላፕቶፕ ስለሚሠራ የሙከራ ሙዚቃ ነው። ዜማው ተሰባብሮ ይመጣል። ምቱ ጠበቅኩት ስትሉ ይጠፋል። ሁሉም ሰው ይውደደው አልልም።

ግን «ይሄ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ሲሉኝ ዝም ብዬ አላልፍም። ሐሊም ኤል-ዳብህ የሚባል ግብፃዊ በ1944 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ካይሮ ውስጥ ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ተዋሰ። ይዞት የሄደው ወደ ዛር ሥርዓት ነው። አዎ፣ እኛም ወደምናውቀው ዛር። የሴቶቹን ዜማ ቀርጾ ስቱዲዮ ገባ፤ ድምፅ በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ እያሳለፈ፣ አንዱን እያጎላ ሌላውን እያጠፋ፣ የሰው ድምፅ መሆኑ እስኪያጠራጥር ድረስ ለወጠው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፅ ቆራርጦ ሙዚቃ በማድረግ ስሙ የገነነው ከዚህ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1948 ነው።

ወሬው ገና አላለቀም። ይኸው ሐሊም በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን አንድ መድረክ ላይ አሰባሰበ። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነ ሰው እኛው ሰፈር ከርሞ ነው የሄደው። ይሄን ስናገር የሚያምነኝ ጥቂት ነው፤ «ምንጭህ ቴሌግራም ነው?» ይሉኛል።

የኪቦርድ ተጫዋቹን የኃይሉ መርጊያን ነገር ግን ሁሉም ያምናል፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን በዓይናችን አይተነዋል። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 ለዝግጅት አሜሪካ መጥቶ እዚሁ ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የከበሮ ማሽኑን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። ሙሉ ባንድ ባለመኖሩ የማሽኑ ምት ደረቅና ተደጋጋሚ ነው፤ አኮርዲዮኑ ደግሞ በላዩ እንደፈለገ ይንሳፈፋል። ካሴቱ ሀገር ቤት ገብቶ ተሰማ። እሱ እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ጀመር። ኪቦርዱን ከኋላ ሻንጣው ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይለማመድ ነበር። ስንቶቻችን ተሳፍረን፣ ሒሳባችንን ከፍለን፣ ሳናውቀው ወርደናል?

ከዚያ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ያንን ካሴት ያገኛል። በ2013 በሸክላና በሲዲ ዳግም አሳተመው። ኃይሉ ከዚያ ወዲህ ዓለምን እየዞረ መጫወት ጀመረ። መንገዱን ልብ በሉልኝ። ዋሽንግተን የተቀረጸ ሙዚቃ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ፣ በፈረንጅ እጅ ተመልሶ ዋሽንግተን ገባ። እኛ መሃል ላይ ነበርን፤ አልሰማንም።

ወጣቶቹም በዚያው መንገድ እየሄዱ ነው። ሙዚቀኞቹ እንደገና ሙሉ (በመድረክ ስሙ ኢትዮጵያን ሪከርድስ) እና ሚካኤል ሰይፉ ማሲንቆውንና የአዝማሪውን ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተው ሲሠሩ፣ በ2014 ሥራቸውን በሸክላ ያሳተመው እዚሁ ዋሽንግተን ያለ አንድ ትንሽ አሳታሚ ነው። የሚካኤል ቀጣይ ሥራ በ2016 የወጣው ደግሞ ከብሩክሊን። ኢትዮጵያን ሪከርድስ ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ይለዋል። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹ አድማጮቹ ሐበሾች መሆናቸውን እጠራጠራለሁ።

አሁን ሙዚቃውን ወደምንገዛበትና ወደምንካፈልበት መንገድ ልምጣ፤ ትዝብቴ ያለው እዚያ ነው።

እዚህ ሙዚቃው የሚገዛው ባንድካምፕ በሚባል፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው በሚሸጡበት ድረ ገጽ ላይ ነው። አሥር ዶላር ብትከፍሉ 15 በመቶውን ድረ ገጹ ይወስዳል፤ ገንዘብ አስተላላፊውም የራሱን ይቆርጣል፤ ቀሪው፣ ከሰባት ዶላር በላይ የሚሆነው፣ ለሠሪው ይደርሳል። ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ደግሞ በተመረጡ ዓርቦች ድረ ገጹ ድርሻውን ይተዋል። ሙዚቃ በኢንተርኔት የሚደመጥበትን ስፖቲፋይን ካነሳን ከ2024 ወዲህ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ትራክ አምስት ሳንቲም አያመጣም። የዚህ ዓይነት ሙዚቃ አብዛኛው እዚያ ቁጥር ላይ አይደርስም። ስለዚህ ባንድካምፕ ላይ የሚገዛ አንድ ሰው ብዙ ነገር ነው።

ክፍያው ጥሩ ነው፤ ጆሮው ግን ብቸኛ ነው። ጥራቱ ያልተነካ ፋይል አውርዳለሁ፣ ማዳመጫዬን አደርጋለሁ፣ ባቡር ውስጥ እሰማለሁ። ያለቀ ዕለት ለማን ልንገር? ትንንሽ አዳራሾችም ሄጃለሁ። ጥቁር የለበሰ ልጅ ሽቦ በተተበተበበት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሷል። ሰዉ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ሲያልቅ በጨዋነት አጨብጭቦ ኮቱን ይለብሳል። አጠገቤ ያለው ሰው ወደደው ጠላው፣ አላውቅም።

ሀገር ቤት ነገሩ ሌላ ነው። ሙዚቃው በቴሌግራም ይመጣል፤ የሠሪው ስም የለበትም፣ ፋይሉ «ኦዲዮ 2» ይላል፣ ጥራቱ ተጨምቆ ተጨምቆ ሳህን የሚንኳኳ ይመስላል። ከኋላው ግን የድምፅ መልእክት ይከተላል። «ወንድሜ፣ ሦስት ደቂቃ ላይ ያለችውን ስማት። ዋሽንት ናት ወይስ የበር ማጠፊያ?» ሌላው «ኧረ በር ናት!» ይላል። ሦስተኛው ስልኩን ይዞ የገዛ በሩን ሲያስጮህ ቀርጾ ይልካል። በማግስቱ አራተኛው ያንን የበር ድምፅ ከበሮ ጨምሮበት ትራክ አድርጎ ይመጣል። መብራት ጠፍቶ እንኳ በላፕቶፑ ባትሪ ነው የጨረሰው። እዚህ ስኖር እንደዚያ ዓይነት የጦፈ ክርክር በዚህ ሙዚቃ ላይ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ታዲያ የሠሪው ኪስ ባዶ ነው። «ስርቆት ነው» ብላችሁ ልትፈርዱ ትችላላችሁ፤ እኔ ግን እጠነቀቃለሁ። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ በየትኛው የዶላር ካርድ ይግዛ? ሠሪውስ በየት በኩል ይቀበል? አብዛኛው ውጭ ያለ ዘመድ አካውንት ላይ አስገብቶ፣ ዘመዱ ሲመቸው ነው የሚልክለት። ዘመድ ደግሞ ሁልጊዜ አይመቸውም።

ምክንያት የሌለን እኛ ነን። ካርዱ ኪሳችን ውስጥ ነው። ለአዲስ ዓመት ኮንሰርት መግቢያ፣ ለጠረጴዛና ለጠርሙስ ስንከፍል ዓይናችንን አናሽም። ባንድካምፕ ገጽ ሥር የገዙ ሰዎች ትንንሽ ፎቶ ይደረደራል። ከሀገራችን ልጆች ሥራ ሥር ያሉትን ስከፍታቸው የጃፓን፣ የእንግሊዝ፣ የፖላንድ ስም አገኛለሁ። የሀበሻ ስም ብርቅ ነው። ባህላችን ተዘረፈ እያልን ስንጮህ ግን የሚቀድመን የለም።

በቀደም አዲስ አበባ የሚኖር አንድ ልጅ ግሩም ሥራ አወጣ። ገዛሁትና እዚህ ያለነው ጓደኛሞች ግሩፕ ላይ ሊንኩን ለጠፍኩ። አምስት ዶላር ነው፣ ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅም አልኩ። ልብ የሚሉ ምልክቶች ዘነቡ፣ «በርታ በሉት» ተባለ። ከዚያ አንዱ፣ ሁለት ቤት ያለው፣ ለብቻዬ ጻፈልኝ፦ «ሊንኩ አይመቸኝም፣ ፋይሉን ወርውርልኝ።» አልወረወርኩለትም። ተቀይሞኛል፤ እስካሁን ለሰላምታዬ አልመለሰም።