ባለ አራት እግሯ የጅማ በርጩማ

ጅማ ሆይ፣ ደስ ይበልሽ። የሎጎ ድርቅ አብቅቷል።

ድሮ አንድ ሰው ሱቅ ሲከፍት ምን ያህል ይንገላታ እንደነበር የምናውቅ እናውቃለን። እኔ ማተሚያ ቤት ይመጣል። ምን ትሸጣለህ እለዋለሁ። ማነው የሚገዛህ እለዋለሁ። ሦስት ንድፍ በእርሳስ እሠራለታለሁ። ሁለቱን ይጥልና በሦስተኛው ላይ «ትንሽ ቀይ ጨምርበት» ይላል። አራት ቀን ያልፋል። ቀብድ ይጠየቃል። ዛሬ ይህ ሁሉ ግፍ የለም። ደንበኛዬ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ፣ እዚሁ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ እስኪደርስ፣ ሎጎውን በስልኩ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) አሠርቶ ሲወርድ በቴሌግራም ይልክልኛል። ከሥሩ አንድ ቃል አለ። «አትመው።»

እኔም አትማለሁ። ፈጣሪ ይስጣቸው። ማሰብ አድካሚ ነገር ነው፤ ከዚያ ዕዳ ገላግለውኛል።

እኔ ግን የምደነቀው በፍጥነቱ አይደለም። በቸርነታችን ነው። እኛ ለእንግዳ አልጋ የምንለቅ ሰዎች ነን። ለዚህ እንግዳ ደግሞ ከአልጋም አልፈን መልካችንን፣ ሰዓታችንን፣ ፊደላችንን ለቀቅንለት። አሁን በቅርቡ በርጩማችንንም ወሰደ። እሱም ቢሆን በደስታ ነው የሰጠነው።

የበርጩማዋን ነገር ላጫውታችሁ። አንድ የቡና ነጋዴ አሉ። ሀጂ ነው የምላቸው፤ ከአባቴ ጀምሮ ይተዋወቁናል። ለቡናቸው ማሸጊያ አይከን፣ ማለትም ትንሽ የምልክት ሥዕል፣ አስፈለጋቸው። ያሰቡት ጥሩ ነው፤ የጅማ በርጩማ፣ ጀበና፣ ሲኒ። የልጅ ልጃቸው በሁለት ደቂቃ አሠራው። ይዘውልኝ ሲመጡ ፊታቸው በርቷል።

አየሁት። ያምራል። ወርቃማ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ጥላ ሁሉ አለው። ጀበናው የሸክላ አይደለም። የነሐስ ነው፤ አፉ እንደ አሞራ መንቁር የተቆለመመ፣ የዓረብ አገር ማንቆርቆሪያ። ሲኒው ጆሮ አብቅሏል። ውስጡ ማኪያቶ ነው፤ አረፋው ላይ ልብ ተስሎበታል። በርጩማዋን ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

«ሀጂ፣ በርጩማዋ አራት እግር አላት» አልኩ።

«አየሁ።»

«የጅማ በርጩማ እኮ ሦስት ናት።»

«ታዲያ አንድ ጨመረልን እንጂ መች ቀነሰብን?»

ይሄን ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ? እኔ ዝም አልኩ። ሦስት እግር መሬቱ ጎርባጣ ቢሆንም እንደማይንገዳገድ፣ የድሮ ሰው በርጩማዋን ከአንድ ግንድ ሲፈለፍላት እንጨት አንሶት ሳይሆን አስቦበት እንደሆነ ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት። ስለ ወተቱ ብቻ ጠየቅኳቸው።

«ወተት በረከት ነው» አሉኝ።

ከሄዱ በኋላ እኔው ራሴ ላስተካክለው ተቀመጥኩ። ከሙያ ክብር አይደለም፣ እልህ ይዞኝ ነው። «ባለ ሦስት እግር በርጩማ» ብዬ ጻፍኩለት። ሦስት በርጩማ ሠራልኝ። እያንዳንዳቸው አራት አራት እግር አላቸው። እንዲህ ያለ ለጋስ ማሽን አይቼ አላውቅም።

ደግሞ አይፈረድበትም። ይሄ ነገር ዓይን የለውም፣ ጅማም መጥቶ አያውቅም። የሚያውቀው ከኢንተርኔት የተለቃቀመ ፎቶና ከፎቶው ጎን የተጻፈውን ነው። ስቴብል ዲፊዩዥን የሚባለው ሥዕል ሠሪ ኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ የሠለጠነው ላዮን 5ቢ ከሚባል ክምችት ተመርጦ ነው። ክምችቱ 5.85 ቢሊዮን ምስል ከነመግለጫው የያዘ ነው። 2.3 ቢሊዮኑ መግለጫው እንግሊዝኛ ነው። በዚያ ክምር ውስጥ መቀመጫ ማለት አራት እግር ነው፣ ቡና ማለት አረፋ ነው። ማሽኑ ሥዕሉን የሚጀምረው የድሮ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲጠፋበት ከሚያሳየው ዓይነት ብናኝ ነው። ብናኙን ደረጃ በደረጃ እያጠራ፣ ብዙ ጊዜ ወዳየው መልክ ይሄዳል። እኛን ብዙ ጊዜ አላየንም። እኛ ደግሞ አላየኸንም ብለን የምንቀየም ሰዎች አይደለንም።

ለማንኛውም አተምኩት። ባነር የማስከፍለው በካሬ ሜትር ነው። አራተኛዋ እግርም ቦታ ስለያዘች ተከፍሎባታል።

አጂፕ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ ደግሞ ለየበሩ የሚለጠፍ አይከን ፈለገ። ሐኪም፣ ነርስ፣ ላቦራቶሪ፣ ጽዳት። አስተዳዳሪው ራሱ አሠርቶ በፍላሽ አመጣልኝ። ሐኪሙ ነጭ ነው። ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ አገጩ የፊልም አክተር የሚመስል ፈረንጅ። ነርሷ ፀጉሯ ቢጫ ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ መነጽር ያደረገ ሌላ ፈረንጅ አጎንብሷል። እኛን የሚመስል ሰው የተገኘው ጽዳት የሚለው በር ላይ ነው። ጥቁር ሴት ናት፤ መጥረጊያ ይዛ ፈገግ ብላለች። ከአራት በር አንዱ ደርሶናል። ሌላው እሱንም አጥቷል።

እንግዲህ የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከዚያ ግቢ ስንት ሐኪም እንደወጣ፣ ተማሪዎቹ በየቀበሌው እየዞሩ እንዴት ቤታችንን እንዳንኳኩ የከተማው ሰው ያውቃል። የክሊኒኩ ባለቤትም ከዚያው የወጡ ሴት ሐኪም ናቸው። ስቲከሩ በተለጠፈ ማግስት ጠዋት ገቡ። በራቸው ላይ ቆም አሉ።

«ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የተቀጠረው?» አሉ።

አስተዳዳሪው፣ ደሞዝ አይጠይቅም ብሎ አረጋጋቸው። ሰውዬው እስካሁን በሩ ላይ አለ። አንድ ታካሚማ ፈረንጁ ካላየኝ አልሄድም ብለው እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጠው ነበር።

ይሄ በኛ ክሊኒክ ብቻ የመጣ ዕድል አይደለም። ብሉምበርግ የተባለው የአሜሪካ የዜና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ስቴብል ዲፊዩዥንን ከ5,000 በላይ ምስል አሠርቶ ቆጥሮት ነበር። ዳኛ ሲባል ከሣላቸው ውስጥ ሴቶቹ 3 በመቶ ያህል ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከዳኞች 34 በመቶው ሴቶች ናቸው። የፈጣን ምግብ ቤት ሠራተኛ ሲባል ደግሞ 70 በመቶውን ጠይም አድርጎ ሣለ። እዚያው አገር ከነዚህ ሠራተኞች 70 በመቶው ነጮች ናቸው። እንግዲህ ጎረቤቱን እንዲህ ገልብጦ ያየ ማሽን፣ ጅማን አንድ በር ማቅመሱ ውለታ አይደለም ትላላችሁ?

በዚያው ዓመት ላንሴት ግሎባል ኸልዝ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ አለ፤ ሳስበው ያስቀኛል። ተመራማሪዎቹ ሚድጆርኒ የሚባለውን ሌላ ሥዕል ሠሪ ኤአይ፣ ጥቁር አፍሪካዊ ሐኪሞች ነጭ ሕፃናትን ሲያክሙ ሣል አሉት። ከ300 በላይ ምስል ሠራ። በሽተኞቹ ጥቂት ምስሎች ላይ ካልሆነ በቀር ጥቁር እየሆኑ መጡ። አንዳንዱ ላይ እንዲያውም ቀጭኔ ጨመረበት። ቀጭኔዋ ምኗን እንዳመማት አልተጻፈም። እኛ እንኳ የምናውቀው የቦዬ ረግረግን ጉማሬ ነው፣ እሱም ካርድ ሲያወጣ አልታየም።

ሠሪዎቹ አፍረው ሊያርሙት ሞክረዋል። ጉግል ጀሚናይ የሚባል ኤአዩን ሰው ሲሥል ዘር አቀላቅል ብሎ አስተማረው። ተማሪው ትምህርቱን ከመጠን በላይ ያዘና፣ የ1943 የጀርመን ወታደር ሣል ሲባል ጥቁርና እስያዊ ናዚ አወጣ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ጉግል ሰው መሣሉን ለጊዜው አስቆመው። ፈሪነት እንዲህ ነው። እኛ አንድ ቀን እንኳ አላቆምንም። በዓል እንኳ አልዘጋንም።

የሰፈራችን እድር ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ማህተም ሊያሳድስ ተነሣ፤ ለማህተሙ አዲስ ምልክት ያስፈልጋል ተባለ። የጸሐፊው ልጅ «እድር» ብሎ ቢጽፍለት ኤአዩ ግራ ገባው። በእንግሊዝኛ የቀብር ማኅበር ብሎ ጻፈለት። ወዲያው ገባው። ጥቁር ኮት የለበሱ ሰዎች መጡ፣ ነጭ አበባ መጣ፣ ከመካከል ትልቅ የመቃብር ድንጋይ፣ ከላዩ መስቀል። የኛ እድር ውስጥ ከግማሽ በላዩ ሙስሊም ነው። አንዱ ሲሞት የሌላው ልጅ ነው ድንኳን የሚተክለው። ምልክቱ ላይ ድንኳን የለም። አግዳሚው የለም። ከለቅሶ ለቅሶ የሚዞረው፣ ጆሮው አንድ ጊዜ የተበየደው ትልቁ ብረት ድስት የለም።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ስልኩን ተቀባበለው። «ያምራል» አለ አንዱ። «ያምራል» አለ ሌላው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ቆይተው አዩት።

«ይቺን ድንጋይ ማን ነው የሚከፍላት?» አሉ። ከካዝና እንደማትወጣ ሲረዱ ፈረሙ።

ማህተሙን አስቀረጽኩ። ማህተም ላይ ያ ሁሉ ጥላና ብርሃን አይወጣም፤ ቀለሙ ተጠራቅሞ ጥቁር ክብ ሆነ። መስቀሉም፣ አበባውም፣ ሰዎቹም እዚያ ውስጥ ጠፉ። እኔ በበኩሌ የእድሩ አንድነት እንዲህ ሆኖ ታይቶ አያውቅም እላለሁ።

የሰዓቱን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። ኤአይን የሰዓት አይከን ሥራ ካላችሁት ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ አሥር ሰዓት ከአሥር ነው። የሰዓት ማስታወቂያዎች በአብዛኛው እንዲያ ነው ፎቶ የሚነሡት፤ ጠቋሚዎቹ ፈገግታ ይመስላሉ፣ የፋብሪካውን ስምም አይሸፍኑም። አንድ ቁርስ ቤት ይቺኑ ሰዓት «ክፍት ነን» ከሚለው ጎን ለጠፋት። ፉል ፈልጎ በአሥር ሰዓት የመጣ ሰው ነበር አሉ።

ፊደሉንም ቢሆን አሳምሮታል። ግማሹ ሐ፣ ግማሹ የእንጀራ ምጣድ የሚመስል ፊደል እየፈጠረ ነው። ምን ይላል ብዬ ስጠይቅ አንዱ ደንበኛዬ «ግዕዝ ነው» አለኝ። ቁቤው ላይ አንዴ አናባቢ ይደራርባል፣ አንዴ ይበላል። አንድ አናባቢ ሲጨመር ቃሉ ሌላ ነገር ይሆናል ብላችሁ ጭቅጭቅ አትጀምሩ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል።

እኔን በግል የሚነካኝ ጀርባው ነው። ዲዛይን በምንሠራበት ፕሮግራም ከምስሉ ጀርባ ምንም የለም ማለት ሲሆን፣ ነጭና ግራጫ ካሬ እንደ ዳማ ገበታ ይታያል። ሲታተም አይወጣም። ኤአዩ ግን ጀርባውን ባዶ አድርግ ሲሉት ዳማውን ራሱን ሥሎ ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ እያጠፋሁ እሰጥ ነበር። አንዱ ደንበኛ «ዲዛይኔን ለምን ቀነስክብኝ?» ብሎ ከተቆጣኝ ወዲህ ትቻለሁ። አሁን መርካቶ ብቻ ጀርባቸው ዳማ የሆነ ሦስት ሱቆች አሉ።

በነገራችን ላይ አይከን ትንሽ ነገር ነው። 16 በ16 ነጥብ ላይ ተጨምቆም ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ዲዛይነሯ ሱዛን ኬር እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው የአፕል ኮምፒውተር፣ ለማኪንቶሽ፣ አይከኖቹን የሠራችው፣ ባለ ካሬ ደብተር ላይ 32 በ32 ካሬ አንድ በአንድ እየሞላች ነበር። እናቴ ጥልፍ ስትጠልፍ ክር እየቆጠረች እንደምትሄደው ማለት ነው። አንዷን ካሬ ሞልታ ታያለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትሞላለች። የዚያን ጊዜ ሰው ጊዜ ተርፎት ነበር እንጂ ሌላ ምን ይባላል? የሀጂ የልጅ ልጅ በሁለት ደቂቃ ጨርሶ ኳስ ሜዳ ሄዷል።

ባለፈው ሳምንት ቀሪ ሂሳብ ልቀበል ሀጂ ሱቅ ሄድኩ። ቡና አዘዙልኝ፤ ጆሮ በሌለው ሲኒ፣ ከሸክላ ጀበና። ተቀመጥ ብለው በርጩማ ሳቡልኝ። አዲስ ናት፣ ቫርኒሹ ገና ይሸታል። አራት እግር አላት።

«ሰው ማሸጊያውን እያየ ይመጣና ቤቴ ያሉትን ሦስት እግሮች ይቆጥራል» አሉኝ። «አፈርኩ። ለአናጢው ሎጎውን ልኬለት ነው ያሠራሁት። ሦስት ጊዜ ደወለልኝ፣ እርግጠኛ ነዎት ወይ እያለ።»

ተቀመጥኩ። ተንገዳገደች። ቡናው ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ሀጂ «ቆይ፣ ቆይ» ብለው ጎንበስ አሉና ከአራተኛዋ እግር ሥር ሸርተት ያለች የታጠፈች ወረቀት መልሰው ወተፏት። አየኋት። የኔ ቢዝነስ ካርድ ናት።

«ወፍራም ነው» አሉ ሀጂ። «ጥሩ ወረቀት ነው የምትጠቀመው።»